ሁለት እናት ያላት ግልገል

ግልገሏ ቆዳ ለብሳለች። የራሷን ቆዳ ማለቴ አይደለም፤ ከላዩ ሌላ ነጭ ቆዳ ደርበውባት ሆዷ ስር በሲባጎ አስረውታል። ትህትና በቀርከሃው በረት ቀዳዳ አጮልቃ ትኩር ብላ አየቻት።

ለነገሩ ቆዳ ማልበሱ አዲስ አይደለም። ልጇ የሞተባት በግ የሌላ ልጅ አላጠባም ካለች፣ የሞተው ተገፎ ቆዳውን ሌላው ይለብሰዋል፤ እሷም አሽትታ የራሷ ይመስላታል። በዚህ ሥራ የትህትናን አባት ገበየሁን የሚያህል በሰፈሩ የለም። ነጯ በግ ማክሰኞ የወለደችው እንደሞተባትም ትህትና ሰምታለች። ያልገባት ሌላ ነው፤ ይቺ ቆዳ የለበሰችው ከየት መጣች?

ከቆዳው ስር ብቅ ያለው ጸጉር ቡናማ ነው። ግንባሯ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ምልክት አለ። እንዲህ ያለ ግንባር ያላት በግ በበረቱ ውስጥ አንዲት ብቻ ናት፤ ቦቂት። ቦቂት ደግሞ የነሱ አይደለችም።

ቦቂት የጋሽ ዓብዱልባሲጥ ናት። ጋሽ ዓብዱልባሲጥ ከታችኛው መንደር፣ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ የሚኖሩ የበርታ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ዐዋጢፍ ስምንተኛ ክፍል ከትህትና ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። በጓን ለገበየሁ በርቢ ሰጥተውታል። ወረቀት የለም፤ ስምምነቱ በቃል ነው። የመጀመሪያው ወሊድ አንድም ይሁን ሁለት ለባለቤቱ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እኩል ለእኩል። አሳዳጊው የሚደክመው ለሚቀጥለው ብሎ ነው። ዐዋጢፍ እንደሆነች የመጀመሪያው ወሊድ ለእሷ እንደተሰጣት ለክፍሉ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ቦቂት የወለደችውም ያው ማክሰኞ፣ ትህትና የአጋማሽ ፈተና ላይ ሳለች ነው። «አንድ ወለደች» ያላት አባቷ ነበር።

ትህትና እናቷ ማሚቱ ጋ ሄደች። «እማዬ፣ ቦቂት መንታ ነው እንዴ የወለደችው?»

ማሚቱ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ቀና ሳትል ጓዳ እንደነበረች፣ ምንም እንዳላየች፣ አባቷን ብትጠይቅ እንደሚሻል ነገረቻት። እንግዲህ በዚህ ቤት ማሚቱ የማታውቀው ነገር ተፈልጎም አይገኝም። እሷ አላየሁም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር የሚያጠራጥር ሆነባት። ነጯ በግ ከነግልገሏ ከመንጋው ተለይታ ጎተራው ጀርባ የታሰረችው ለምንድን ነው? አባቷስ ስልክ ሲደወልለት ምሳውን ትቶ ማንጎው ስር የሚሄደው ከመቼ ወዲህ ነው? ውሃ የምትቀዳ መስላ ጠጋ አለች። «አዎ ወንድሜ፣ አንዲት ብቻ ናት። ነገ መጥተህ እያት፤ አንዲት ብቻ» ሲል ሰማችው።

ዝም ልትል ሞከረች። ወንዙ ከደረቀ ወር አልፎታል፤ የሜዳው ሳርም ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ በጎቻቸው የሚጠጡት ከታችኛው መንደር ጉድጓድ ነው፤ ያውም ጋሽ ዓብዱልባሲጥ «ይጠጡ» ስላሉ። መታለላቸውን ካወቁና ጉድጓዱን ከከለከሉ መንጋው አለቀ። ካላወቁ ደግሞ፣ ሰኞ ዐዋጢፍ አጠገብ በምን ዓይኗ ትቀመጣለች?

ቅዳሜ ጠዋት ገበየሁ የነጯን ገመድ አስጨበጣት። ግልገሏን አስከትላ በላይኛው መንገድ ወደ ቀርከሃው ጫካ እንድትወጣ፣ እነ ጋሽ ዓብዱልባሲጥ አይተው እስኪሄዱም እንዳትመለስ አዘዛት።

«አባዬ፣ ይቺ የቦቂት ናት አይደል?»

ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን በረቱ ላይ ተደገፈ። «ቦቂት ለሁለት የሚሆን ወተት የላትም። ብተዋት በማግስቱ ትሞት ነበር። ያዳንኳት እኔ፣ የምታጠባት የኔ በግ። ታዲያ የማን ናት?»

«እሱን ለምን አልነገርካቸውም?»

«አምና ስንት እንደሞተብን ረሳሽው?» አላትና ፊቱን አዞረ።

አልረሳችም። አሥራ አንድ ናቸው፤ እግራቸውን ይዛ ወደ ገደሉ የጎተተቻቸው እሷ ናት። አባቷ አሳዘናት፤ ደግሞም አናደዳት። ደህና አድርጎ ያዳናትን ግልገል እንዲህ ይደብቃታል?

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ላይ ቀርከሃው ነው፤ ማንም አያያት። ወደ ታች የጉድጓዱ መንገድ ነው፤ እንግዶቹ የሚመጡት በዚያ ነው። ቆዳውን ልትፈታው እጇን ሰደደችና ተወችው፤ ነጯ ደግሞ አላውቅሽም ብላ ብትረግጣትስ? ግልገሏ ጠብታ እስክትጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ገመዱን ወደ ታች ሳበች።

ብዙም ሳትሄድ አገኘቻቸው። ዐዋጢፍ ከአባቷ ቀድማ ሮጣ መጣችና ግልገሏ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ውይ፣ ምንድነው ይሄ የለበሰው? የማን ነው?»

«ያንቺ ናት» አለቻት ትህትና። «ቦቂት ሁለት ነው የወለደችው። ወተት አልበቃ ስላላቸው አባዬ ይቺን ለነጯ አላምዷት ነው። እንዴት እንዳዳናት እሱ ራሱ ይነግራችኋል።»

ጋሽ ዓብዱልባሲጥ ደረሱ። የግልገሏን ግንባር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ቀና ብለውም ትህትናን ረጅም ጊዜ አዩአት።

«ገበየሁ በስልክ አንድ ብሎኛል» አሉ።

ትህትና ገመዱን ጨበጥ አድርጋ ከፊት ከፊታቸው ወደ አባቷ መራቻቸው።