ክቡን አትዝጋው

ውሸት ነው የምትሉ፣ በሉ። ስሟገት አልውልም። በራሴ ግቢ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ እያለች የሆነ ነገር ነው።

ለልጄ ለሚጢ ቤታችንን የሚዞር ትንሽ ባቡር ልሠራላት ቃል ገብቼ ነበር። ሐዲዱን ከመግዛቴ በፊት መንገዱን በውሃ ማጠጫ ጎማ መሬት ላይ ዘርግቼ ልሞክር አልኩ። ጎማ ከልክ በላይ አይታጠፍም፤ ባቡሩ የሚወድቅበትን ጥግ ቀድሞ ያሳያል።

ይህን ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእውነት ሐዲድ ሲያነጥፉ የኖሩ ሰው።

"ሰው ውስጡ እያለ ክቡን አትዝጋው" ብለውኝ ነበር። "ለሙከራም ቢሆን።"

እርጅና ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ያን ቀን ጎማው ቤቱን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ተገናኘ። ልክክ ሲልልኝ ደስ አለኝና ገጠምኩት።

የጎረቤት ውሻ ጩኸቱን አቋረጠ...

ሚጢ ከቤት ወጥታ ከጎማው ውጭ ወደቆምኩት ወደ እኔ ሮጠች። ጎማው ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

"ነይ እንጂ።"

"ቆይ አባዬ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እያለፈ ነው።"

ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይመለሳል። እንደገና ይሄዳል...

ፀጉሯ ይርገበገባል። የተሰጣው ልብስ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጎማውን ለያይቼ፣ ጠቅልዬ ከአጥር ውጭ ወረወርኩት።

ዓይኗ አሁንም ይመላለሳል።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቆሟል?"

"አልቆመም ጋሼ።"

"ሲቆም እንዳትሳፈር ያዛት።"

የሚጢ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ረጋ። ለሆነ ሰው ፈገግ አለች።

እግሯን አነሣች... ምንም የሌለበትን አየር ረገጠች። እግሯም አልወረደም።

እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም። በብብቷ ስር ይዤ ጎተትኳት። ከወዲያም የሚጎትት ነበር። አባት ነኝና አልለቀቅኳትም።

ተያይዘን ወደቅን። አቅፌያት አለቀስኩ።

አንድ ጫማዋ ግን እዚያው ቀረ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር ላይ።

ከዚያ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ... በቤቱ ጥግ ታጥፎ ከዓይኔ ተሰወረ።

ልጄን እንደታቀፍኩ ሌላኛውን ጥግ አየሁ።

ዞሮ መጣ።

አጠገቡ ሌሎች የልጅ ጫማዎች ነበሩ፤ በረድፍ፣ ሁሉም የአንድ እግር ብቻ።