ማተብ ያለው አማካሪ

አቶ ምናሴ በዐቢይ ጾም ረቡዕ፣ ረፋድ ላይ፣ ጣና ዳር ደንገሉ መሀል ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው በድንጋይ ተመቷል። የጨበጡት እጃቸው ሲፈለቀቅ የተበጠሰ ጥቁር ክር ወጣ።

«የራሳቸው ማተብ ነው» አለ የፖሊስ አለቃው። ከመርማሪ አስማማው በኋላ ተቀጥሮ ቀድሞት የተሾመ ሰው ነው። «ልጃቸውን ቴዎን አስይዣለሁ። በገንዘብ ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙ። ምን ታሽከረክራለህ?»

የሟቹ ማተብ አንገታቸው ላይ እንዳለ ነበር። ለማያይ ሰው ምን ይነገራል? አስማማው ግሽ አባይ ሰፈር፣ ሟቹ ቤት ሄደ።

«እማማ፣ ቤት የሸጣችሁበትን ገንዘብ ማን ነበር የሚያማክራችሁ?»

«ሕዝቅኤል ነዋ!» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ። «ማተቡን አይቼ እኔው ነኝ የመረጥሁት። ጾም አይሽር፣ ቅዳሴ አያስታጉል።»

«ልጅዎ የሒሳብ ባለሙያ አይደለም እንዴ?»

«ማተቡን የበጠሰ ልጅ ምን ያማክረኛል? ገንዘቡን ከሕዝቅኤል ተቀበሉት እያለ አባቱን ነዘነዛቸው። ዛሬ ጧትም ልቀበለው ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ።»

ቴዎ እስር ቤት አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ጧት የት ነበርህ?»

«አልናገርም።»

«ሞኝ! ይፈረድብሃል እኮ!»

«ወደቡ ዳር… ዓሣ ስበላ ነበርሁ። እማዬ ከምትሰማ እስሩ ይሻለኛል።»

ዓሣ ጠባሿ ተጠየቀች። «ከጧት እስከ ረፋድ በልቶ፣ አስጨምሮ ነው የሄደ» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቴዎ አለቃው ገና ሳይፈታው በካቴና፣ ሕዝቅኤል ነጠላውን አጣፍቶ።

«አቶ ሕዝቅኤል፣ ትናንት ጧት የት ነበሩ?» አለ አስማማው።

«ቅዳሴ ነዋ። አስቀድሼ፣ ጠበል ጠጥቼ፣ ፀሐይ ሳይከር ተመለስሁ።»

የቤቱ የንስሐ አባት አባ ወልደ ሐዋርያት ቀና አሉ። «በዐቢይ ጾም? ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው እኮ! ጧት ማን ቀደሰልህ?»

አስማማው ወደ ሕዝቅኤል አንገት ጠቆመ።

«ሟቹ ክሩን የበጠሱት ከገዳያቸው አንገት ነው» አለ አስማማው። «የእሳቸው ማተብ አልተነካም። ቴዎ ካወለቀ ቆይቷል፤ ምኑ ይበጠሳል? ጧትም ወደቡ ዳር ዓሣ ሲበላ ነበር። የእርስዎ ግን ገና ከሱቅ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ገንዘቡን በልተውታል፤ አምጣ ሲሉዎት ገደሏቸው። እማማ፣ ማተቡ የተበጠሰው የልጅዎ አይደለም።»

ሕዝቅኤል አንገቱን በነጠላው ሸፈነ። «ቀስ ብዬ እመልሳለሁ ብላቸው አንቀው ያዙኝ…» አለ።

አለቃው አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከቴዎ እጅ ፈታና ሕዝቅኤል እጅ ላይ አጠለቀው።

ወለተ ሥላሴ የአስማማውን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ የቀረችኝን ጥቂት የሚያማክረኝ፣ የእውነት ማተብ ያለው ሰው አታውቅም?»

አስማማው ደሙ ፈላ። «ልጅዎ አጠገብዎ ቆሞ የለም እንዴ!»

ቴዎ ካቴናው የላጠውን እጁን እያሻሸ እናቱን አየ።

«እሱማ በጾም ዓሣ በላ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።