ለማንም ያልነገረችው

አስከሬኗ የተገኘው ከቢሮዋ መስኮት ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። መርማሪው ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ደረጃም ሬሳም የሰለቸው ሰው ነበር። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ለሟቿም ለራሱም እያዘነ ነበር።

የድርጅቱ ሰዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ፕሮግራመሩና የሕግ ባለሙያ የነበረችው ሟች። ደንበኞች ስማቸውን ሳይገልጹ የሆዳቸውን በስልክ ይጽፋሉ፤ ማሽን ይመልስላቸዋል። «የጻፉትን አናስቀምጥም፤ ማንም አያነበውም» የሚለው ቃል ግድግዳው ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ሕጉም የሚያዘው ይህንኑ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ራሷን እንደገደለች አልተጠራጠረም። ከሥራ ውጭ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ «ፅንሱ ከወረደባት ወዲህ ሰው አልሆነችም» ሲል ጨመረ።

ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። በአንድ አልጋ ያደጉ ናቸው፤ ሰሞኑን ግን በማይረባ ነገር ተኮራርፈው ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት እያለች ደረቷን መታች።

አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ፅንስ የወረደባት ለመሆኑ አንዳች ምልክት አላገኘም፤ በጥፍሮቿ ውስጥ ግን ግራጫ የሱፍ ክር አገኘ። ፕሮግራመሩም እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ዋጥ ያደረገውን በመጨረሻ ተፋው፤ ሟቿን ስሟን ሳይገልጽ ደንበኛ አድርጎ መዝግቧት ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሥራ አስኪያጁን፣ ፕሮግራመሩንና እህቷን ሰበሰባቸው።

«ፅንሱ መውረዱን ማን ነገረዎት?» ሲል ሥራ አስኪያጁን ጠየቀው።

«ቢሮ ውስጥ ሰምቼ ነው።»

«ከማን? ቢሮው ውስጥ ያለው ይሄ ልጅ ብቻ ነው።»

«እኔ አላውቅም ነበር» አለ ፕሮግራመሩ። «‹አንድ ውሸት ልጽፍ ነው፤ ምን እንደሆነ ላንተም አልነግርህም። ከማን አፍ እንደሚወጣ እናያለን› ነው ያለችኝ።»

መርማሪው በድካም ዓይኖቹን አሻሸ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ስሟን ባትጽፍም ከማን ስልክ እንደመጣ መዝግበዋል፤ አንብበዋልም። የሰው ሆድ ሲያነቡ ኖረው፣ የነገሩዎትንና የሰረቁትን መለየት ተሳነዎት። ይሄ ልጅ ትናንት ለብሰው ያየዎት ግራጫ የሱፍ ኮት የት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ዞረ። «‹ሐዘንሽ ይገባኛል፣ እረፍት ውሰጂ› አልኳት። ‹የትኛው ሐዘን?› አለችኝ። አፍራ የካደች መሰለኝ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እናገራለሁ ስትል ግን... መስኮቱ ክፍት ነበር።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ እህቷ ቀና ብላም አላየችው።

«ጋሼ፣ የደበቀችኝ ነገር አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም፣ ልጄ። ራሷንም አልገደለችም።»

መሐረቧን ፊቷ ላይ አደረገች። «ከጠዋት ጀምሮ ለሁለት ነፍስ ነው ያለቀስኩት» አለች።