የሬካ ቦድናር ድምፅ

ናኦሚ ኤዛናን ያወቀችው ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ ባለች አንዲት አሮጌ ሲኒማ ቤት ነው። በዚያ ሰሞን ሲኒማ ቤቷ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ የሬካ ቦድናርን ድምፅ አልባ ፊልሞች ታሳይ ነበር። ሬካ የቡዳፔስት ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት። ገና በአፍላነቷ ካሜራ ፊት ቆመች፣ በርሊን ገብታ ስሟ ገነነ፣ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ብዙም ሳትቆይ ተረሳች።

ናኦሚ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በዚህች ተዋናይት ላይ ስለነበር፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት መድረክ ላይ ወጥታ ስለ እሷ ትናገራለች። ኤዛና ደግሞ ከስክሪኑ ሥር ተቀምጦ ፊልሙን በፒያኖ ያጅባል። በአዘቦት ቀን የካዚኖዎቹ ጎዳና በሆነው ስትሪፕ ላይ ባለ ሆቴል ይጫወታል፤ ለቅዳሜ ግን ሺፍቱን ቀይሮ ይመጣል።

እሷ ስትናገር ዓይኑን ከከንፈሯ አይነቅልም።

«ለምንድነው እንደዚህ የምታየኝ?» አለችው አንድ ቀን፣ እዚሁ አገር ተወልዶ ባደገ አማርኛዋ።

«እንዴት?»

«እንደዚህ። አፌን።»

ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰላትም። ፊቷ ጋለ። ያንን ዝምታ ይዛው ሄደች፤ ማታ ስትተኛም አብሯት ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ስሜነሽ ኤዛና የማን ልጅ እንደሆነ ሲሰሙ እጃቸው ላይ የነበረውን ሥራ አቆሙ።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ። «አባቱን ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። በኋላ በኋላ ስንጠራቸው ዞር አይሉም ነበር። እንደዚያ እንደዚያ እያሉ ከሰው ሁሉ ተለዩ።»

«ተጣልተው ነው?»

«እሱን ልጁ ይንገርሽ።»

ከዚያ በኋላ ናኦሚ ያላስተዋለችውን ማስተዋል ጀመረች። ከኋላው ስትጠራው አይዞርም። ስትደውልለት አያነሳም፤ መልሱ ሁልጊዜ በቴክስት ነው። አንድ ቅዳሜ ፊልሙ መሐል ላይ ተቋርጦ ስክሪኑ ጠቆረ። ተመልካቹ ተንጫጫ፣ ገሚሱም እያፏጨ ብድግ አለ። ኤዛና ግን ዓይኑን ጨፍኖ መጫወቱን ቀጠለ። ሰዎቹ ሆን ብሎ ያደረገው መስሏቸው አጨበጨቡለት። ጭብጨባውን እንኳ ልብ አላለውም።

በሳምንቱ ከተማዋን የከበበው ተራራ እስኪሸፈን አቧራ ያነሳ ነፋስ ነፈሰ። ፊልሙ አልቆ ሲወጡ ኤዛና ፊት ፊት እየሄደ መኪናውን ፓርክ ወዳደረገበት ተሻገረ። አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። ክላክሱን ነፋ፤ ደጋግሞ ነፋ። ኤዛና ዞርም አላለ። ናኦሚ ሮጣ ሸሚዙን ጨምድዳ ሳበችው። የመኪናው የኋላ ብረት እጅጌውን ታክኮ አለፈ።

«አልሰማኸውም» አለችው ሸሚዙን ሳትለቅ።

አሁንም የሚያየው ከንፈሯን ነበር።

«ግራ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ቆይቷል» አለ። «ቀኙም እየሄደ ነው። አባቴንም እንዲሁ ነው የጀመረው።»

«አፌን የምታየው ለዚህ ነው?»

«መጀመሪያ ቃሉን ለማየት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እያየሁሽ ቃሉ ያመልጠኝ ጀመር።»

እሷ ግን የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለፍቅር የወሰደችው ሁሉ የደንቆሮ ዘዴ መስሎ ታያት። ጥላው ሄደች። ሳምንቱን ሙሉ ስልኳን ስታይ ሰነበተች፤ እሱ ምንም አልጻፈም። የመኪና ክላክስ በሰማች ቁጥር ግን ልቧ ይደነግጥ ነበር፤ ማን ይስበዋል እያለች።

የመጨረሻው ቅዳሜ የሬካ ብቸኛው ድምፅ ያለው ፊልም ተራ ነበር። ፒያኖው ተከድኗል። ኤዛና ሥራ ባይኖረውም መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ናኦሚ ንግግሯን ጨርሳ ስትወርድ ሄዳ በቀኙ ተቀመጠች።

ስክሪኑ ላይ ሬካ አፏን ከፈተች። ከፊት የተቀመጡት ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«ምን ሆኑ?» አላት።

በስክሪኑ ብርሃን ከንፈሯ እንዲታየው ወደ እሱ ዞረች። «ሳቁባት። ያኔ ፊልሙ ሲወጣም ስቀውባታል።»

«ድምፅዋ እንዴት ነው?»

«ወፍራም ነው። አሁን ከእንቅልፍ እንደተነሳ ሰው። ትንሽ ይሻክራል። እኔ ደስ ይለኛል።»

«ንገሪኝ፣ አታቁሚ።»

እስከ መጨረሻው ነገረችው። መብራቱ ሲበራ የኤዛና ፊት አመድ መስሎ ነበር።

«ሐኪሙ ቀኝ ጆሮህ ክረምቱን አይሻገርም ብሎኛል» አለ። «አባቴ መጨረሻ ላይ እናቴን እንኳ አያናግራትም ነበር። ይቆጣ የነበረው እሷን ነው፤ በእሷ ጥፋት የመጣበት ይመስል። እኔም እንደዚያ ብሆንብሽስ? አሁን ብትሄጂ ይሻላል።»

ናኦሚ እንደ አባትህ አትሆንም ልትለው ፈለገች። ግን ይህን ልታውቅ አትችልም።

«ፈራሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ግን እወድሃለሁ። አልሄድም።»

ኤዛና ዓይኑን ከከንፈሯ አልነቀለም።

«አየሁት» አለ። ከዚያ ራሱን ዘንበል አድርጎ ቀኝ ጆሮውን አቀረበላት። «ሳይዘጋ በዚህ በኩልም ንገሪኝ።»

ሰዎቹ እያወሩ በአጠገባቸው ያልፋሉ። ናኦሚ ከንፈሯ ጆሮውን እስኪነካ ተጠግታ ነገረችው። ሰምቶ ፈገግ አለ እንጂ ራሱን አላነሳም፤ ደገመችለት፤ አሁንም አላነሳም።