ከቴሌቪዥኑ የወጣው ድምፅ

ቢቸና ውስጥ ከመሪጌታ አካለ ወልድ ኮምፒውተር የበለጠ የታመመ ፍጡር አልነበረም። የዓለም ቫይረስ ሁሉ ተጠራርቶ እዚያ የከተመ ይመስላል። ለመከፈት ብቻ ከቅዳሴ መግቢያ እስከ መውጫ ይፈጅበታል፤ ከተከፈተም በኋላ ከመሪጌታ የዜማ ቅጂዎች አንዱን አሰምቶ አምስቱን ይውጣል።

ልጃቸው ብሩክታይት በጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልላ፣ በሚኒባስ ጭና ሞጣ ወሰደችው። ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ጠጋኝ አለ ብለዋት ነበር። ስለ እሱ ብዙ ይወራል፤ ግማሹን የሚያወራው ራሱ ነው።

«ይኼ ታሟል አይባልም፤ ሞቷል ነው የሚባለው» አለ ክዳኑን ገልጦ። «ደግነቱ እጄ ላይ ወድቋል።»

«ዊንዶውሱን ታድስልኛለህ?»

«የተሰረቀ ዊንዶውስ ጭኜ በመሪጌታ ቤት ልረገም? ሊኑክስ ነው የማስገባልሽ። ነፃ ነው፤ ኮዱ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው፤ የሚደብቅሽ ነገር የለም። ጠፈር ላይ ያሉት ሰዎች የሚሠሩት በእሱ ነው። እኔን ቢያማክሩኝማ ቀደም ብለው ይደርሱ ነበር።»

ብሩክታይት ሳቀች። ሳቋ ሻርፗን አንሸራተተው። ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ፣ በልጅነቷ የፈላ ውሃ ያቃጠለው ጠባሳ ታየ። እጇ ከመብረቅ ፈጥኖ ሻርፑን መለሰ።

ፍቅረ ሥላሴ አይቷል። ያ ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ሁሉ በወሬ የሚሞላ ሰው ዝም አለ፤ ዓይኑንም ወደ ብሎን መፍቻው መለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ከንፈሩን ይመጥላት ነበር። ብሩክታይትን የማረካት ያ ዝምታ ነው።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ቢቸና ይመጣ ጀመር። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። የመሪጌታን ዜማ በየበዓሉ ደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ ሥዕል ሰጥቶ፣ ሪሞቱን በእጃቸው አስያዛቸው። መሪጌታ ድምፃቸውን ሰምተው፣ «እኔ ነኝ እንዲህ የማዜም? አጋንኖብኛል» አሉ፤ ደስታቸው ግን ለሦስት ደብር ይበቃል።

የቀራቸውን ዜማ ደግሞ በስልኩ እየቀዳ፣ ስልኩ የቤቱን ዋይፋይ ሲያገኝ ቅጂው በራሱ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲያልፍ አደረገ። ከስልኩ ውስጥ አንድ ፎልደር ብቻ መምረጥ ነበረበት። ፕሮግራሙም ጠይቆታል። እሱ ግን፣ «እኔ ነኝ መመሪያ የማነብ?» ብሎ «ሁሉንም» የሚለውን ተጭኖ አለፈ።

አንድ እሑድ፣ መሪጌታ ማኅበር ሄደው ሳለ፣ ብሩክታይት በረንዳው ላይ ሻርፗን በገዛ እጇ አወለቀች። ከእናቷ ሞት ወዲህ ለማንም አውልቃ አታውቅም።

«ምን ይመስላል?»

«ምኑ?»

«አንገቴ ነዋ።»

ዓይኑን ከአንገቷ ሳይነቅል፣ «ያንቺን ይመስላል» አለ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ከሥራ ተመልሳ የአባቷን ዜማ ስታስተካክል፣ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የማታውቃቸው ድምፆች አገኘች። የመጀመሪያውን ከፈተችው። ፍቅረ ሥላሴ ነው፤ ሞጣ ላለው ጓደኛው ለሀብተ ሥላሴ የላከው የድምፅ መልእክት።

«ስማኝ ሀብቴ፣ አንገቷ የተላጠ ድንች ነው። ምን ቸገረኝ፣ በሻርፕ ተጠቅልሎ ይኖራል። ማንም ጠይቋት አያውቅም። አባትየው ሽማግሌ ብልክ እግሬን ስሞ ነው የሚሰጠኝ።» ከዚያ ሳቅ፤ ረጅም፣ ሱቁን የሚያናውጥ ሳቅ።

ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከሦስተኛው በኋላ ደወለችለት። እውነቱን ከነገራት ይቅር ልትለው ቆርጣ ነበር።

«ፍቅሬ፣ ስለ አንገቴ ለጓደኞችህ ምን ትላቸዋለህ?»

«እኔ? አንዲት ቃል ከወጣችኝ ምላሴ ይቆረጥ። ምነው፣ ማን ምን አለሽ?»

«ማንም። በል እሑድ ሽማግሌ ላክ።»

ወዲያ ማዶ የሆነ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ተሰማት። ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። «የእውነትሽን ነው? ብሩኬ፣ የእውነትሽን ነው?»

«የእውነቴን ነው።»

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ከሞጣ መጡ። መሪጌታ አዲስ ጥምጥም ጠምጥመዋል፤ ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቁት የሚያውቁት እሳቸውና የሚያዘወትሩት ጸሎት ናቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አንጋፋው አቶ ፋንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ባለሙያ ነው፣ አንደበቱ የታረመ ነው።»

በወጉ ልጅቷ ከጓዳ አትወጣም። ብሩክታይት ግን ወጣች። ሻርፕ አላደረገችም።

«ይቅርታ አባባ። አንደበቱን ከራሱ ይስሙት» አለችና ሪሞቱን ተጫነች።

ቴሌቪዥኑ ፍቅረ ሥላሴ ራሱ የገጠመለት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነበረው። ድንቹ፣ ሻርፑ፣ ማንም አለመጠየቁ፣ ሁሉም ግልጥ ብሎ ወጣ። ሳቁ ሲጀምር አንደኛው ሽማግሌ ወደ በሩ አፈገፈጉ።

ብሩክታይት የሽማግሌዎቹን ፊት ለማየት ነበር የተዘጋጀችው፤ አየችውም። አባቷን ግን አላሰበችም። መሪጌታ ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወደ አቶ ፋንታ ሄዱ፤ ጎንበስ አሉ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እግር ስሜ ነው አሉ የምሰጥ። የትኛውን ልሳም?»

«ኧረ መሪጌታ፣ ስለ ሥላሴ!» አቶ ፋንታ ደግፈው ሊያነሷቸው ታገሉ። ሁለቱም አረጋውያን አለቀሱ። ከማጉያው የሚወጣው ሳቅ ገና አላለቀም ነበር፤ ብሩክታይትም የምታጠፋበትን ቁልፍ አጣችው።

ፍቅረ ሥላሴ ማክሰኞ መጣ። ጉንጩ ገብቷል፤ በሁለት ቀን ሁለት ዓመት አርጅቷል ቢባል ማንም አይከራከርም።

«ውሸቴን ነው ብሩኬ። ለሀብቴ ስፎክር ነው። ስታወልቂው እኮ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። እንደ ሴት ተሸነፍክ እንዳይለኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን እንዲህ ታዋርጂኛለሽ?»

«ጠልተኸኝ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር። እየወደድከኝ ነው የሳቅክብኝ። ጠይቄህም ማልክልኝ።» ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «የይለፍ ቃሉን ንገረኝ። ያንተን ስልክ ከኮምፒውተሩ ላወጣ ስል እሱን ይጠይቀኛል።»

 ስሟንና በረንዳው ላይ ሻርፗን ያወለቀችበትን ቀን ፊደል በፊደል ነገራት፤ ያን ዕለት ለውጦት ኖሯል። ጣቷ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ስልኩን ከዝርዝሩ አወጣች፤ አዲስ ቃል አስገባች፤ ሲከፈት ሁልጊዜ እንዲጠይቅም አደረገች። እሱ ለደንበኞቹ እንደሚያደርገው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠበቀ።

«ጨረስሽ?»

«ድገሚ ይለኛል።» ደገመች። «ጨረስኩ። ሚኒባስ እንዳያመልጥህ።»

መሪጌታ ሪሞቱን ለሦስት ሳምንት አልነኩትም። በአራተኛው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ «እስቲ የልደቱን አሰሚኝ» አሉ። ብሩክታይት ኮምፒውተሩን አበራች። ማሽኑ ቃሉን ጠየቃት። ጻፈች፤ እንቢ አላት። ሌላ ጻፈች፤ እንቢ አላት። ያን ዕለት በንዴት የጻፈችው ቃል ምን እንደነበር ከአእምሮዋ ጠፍቷል። ተቀምጣ እስኪመሽ ሞከረች። የአባቷ የአርባ ዓመት ዜማ ከመስታወቱ ወዲያ ነው።

«ሊኑክስ ነው ወይ ያላችሁት ይኼን?» አሉ መሪጌታ ከኋላዋ። «የሚያውቅበት ሰው የለም?»

ብሩክታይት ስልኳን አነሣች። ቁጥሩን አላጠፋችውም። ብዙ አየችውና በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ማንም የለም አባባ» አለች።