ዝሆን ፍለጋ በኤረር ሸለቆ

ሪሃና ድንኳኑን ተሸክማ አሸዋማውን ደረቅ ወንዝ ስታቋርጥ ከላይ በኩል ጉርምርምታ ሰማች። ከራሷ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የሐረር ጋራዎች ግን ጠቁረዋል።

«አባ፣ ጎርፍ ነው! ይሩጡ!»

«ጫማዬን አሸዋው ያዘብኝ!»

«በአላህ፣ ይተዉት!»

ድንኳኑን ወርውራ የአባቷን ክንድ ጨበጠችና ጎተተቻቸው። ዳገቱን እንደያዙ ድፍርሱ ውሃ ግንድ እያላጋ አለፈ። ድንኳኑንም ወሰደው።

ሪሃና ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለ እንስሳ መጠየቅ አይታክታትም። አባቷ አው ሙሜ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ሲሆኑ ለጥያቄዋ መልስ አጥተው አያውቁም፤ ያላወቁትን ፈጥረውም ቢሆን ይነግሯታል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ግን ዝም አሉ። አንድ ቀን «ዝሆን ቆሞ ነው የሚተኛው?» ብትላቸው «እኔ ምን አውቄ» አሏት። ደነገጠች። ስንቅ ቋጥራ ዝሆን ፍለጋ ከቤት ያወጣቻቸው ያኔ ነው።

ሌሊቱን ግራር ሥር ተጠጋግተው አነጉ። ጎህ ሲቀድ አንድ ወጠምሻ ዝንጀሮ የዳቦና የተምር ከረጢታቸውን መንትፎ ቋጥኝ ላይ ወጣ። አው ሙሜ በንዴት የቀረቻቸውን ጫማ ወረወሩበት። ዝንጀሮው አሸተታትና እሷንም ይዞ ሄደ።

ሪሃና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሻሿን ለሁለት ቀድዳ እግራቸውን ጠቀለለችላቸው።

«እንመለስ ይሆን?» አለች።

«ጫማዬን ሰጥቼ? ሂጂ፣ ምሪኝ!»

ረፋዱ ላይ ቁልቋሉን ጥሰው ሲወጡ አንድ የዝሆን ግልገል ፊታቸው ቆሟል። ቅርንጫፍ ተንቋቋ። እናቲቱ ጆሮዎቿን ዘርግታ፣ ኩምቢዋን ሰቅላ ከጥሻው ወጣች፤ ምድሩ ከእግራቸው በታች ተንቀጠቀጠ።

አው ሙሜ ልጃቸውን ከኋላቸው አደረጉ።

«አትሩጪ» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ለዝሆኗ፣ «እናት፣ ልጅሽን አንነካም። እኔም የራሴን ይዣለሁ» አሏት።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሌላም ደገሙ። ዝሆኗ አቧራ አቦነነች፤ ቆመች፤ ግልገሏን በኩምቢዋ ዳሰሰችና ቁልቋሉን እየሰባበረች ይዛው ሄደች።

ሪሃና መሬት ተቀመጠች። አባቷ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እናትሽ ይህን ብታይ...» አሉ።

ከቀብሩ ወዲህ ስለ እሷ ሲናገሩ መጀመሪያቸው ነበር። ዋናው መንገድ እስኪደርሱ አላቋረጡም፤ ስትቆጣ እንዴት እንደምትዘፍን፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ጅጅጋ ድረስ እንዴት እንደሸኘቻቸው አወሩ። አስፋልቱ ዳር ጥላ አግኝተው ዐረፍ አሉ።

የሐረር ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። ሪሃና እጇን ልታነሳ አለችና አባቷን አየቻቸው፤ ገና ወሬያቸው መሃል ላይ ነበሩ።

ሚኒባሱ አለፈ።