የካሊን እናት ጥያቄ

ዝላትካ የተቀቀለውን ስንዴ ነጭ ጨርቅ ላይ እያሰጣች በመዳፏ ትበትነዋለች።

«እንዲህ ረጥቦ ለአርባ ይቀርባል እንዴ? ገንፎ ልታበያቸው ነው?» አላት የአጎቷ ልጅ ሚትኮ።

«አፍህን ዝጋና ስኳሩን አምጣ!»

ውጭ አውቶቡስ ሲቆም ተሰማ። በአውሮፕላኑ አደጋ የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው። አባቷ ቬሊን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ከጠየቁሽ፣ ሁሉም ወዲያው ነው የሞቱት። ገባሽ?»

ገብቷታል። ያን ቀን አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጉሙ ተራራውን ጋርዶት ነበር፤ በጣሪያቸው ላይ አልፎ ገደሉን መታ። በዚህ መንደር፣ በጉም ሰው ሲጠፋ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል፤ ፈላጊዎቹም አቅጣጫ እንዳይስቱ ድምፁን ከኋላቸው አድርገው ይወጣሉ። ያን ቀን ግን የገደል ማሚቶው አታለላቸው። በቬሊን መሪነት ሌላ ሸለቆ ወረዱ፤ ሲመለሱ መሽቶ ነበር። አውሮፕላኑ ጋ የደረሰችው፣ ገደሉ ሥር ካለው የፍየል በረት አጠገብ የነበረችው ዝላትካ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ ጉም ሲወርድ መስኮት ትዘጋለች። ያን ቀን የሰማችው ድምፅ ግን ተዘግቶም ይገባል።

ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ገብታ ፎቶ ዘረጋችላት።

«ልጄ ነው፤ ካሊን። መጀመሪያ የደረስሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ዝላትካ አወቀቻት።

«ወዲያው ነው እትዬ፣ ምንም አልተሠቃየም» አለ ቬሊን ፈጠን ብሎ።

«አንተን አልጠየቅኩም ወንድሜ።»

 ዝላትካ እውነቱን ከተናገረች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቀዋለች።

«ያወራ ነበር» አለች። «‹ደረስን?› አለኝ። ‹ደርሰናል› አልኩት። በረደኝ ሲለኝ ሹራቤን ደረብኩለት። እጁን ያዝኩት። ብዙ ቆየ… ከዚያ ዝም አለ።»

«የመንደሩ ሰውስ የት ነበር?»

ዝላትካ ወደ አባቷ አላየችም። «ሌላኛው ሸለቆ። የደወሉ ማሚቶ አሳስቷቸው።»

ቬሊን ኮፍያውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።  ሴትየዋ የዝላትካን እጅ ይዛ መዳፏን ገለበጠችው።

«በዚህኛው ነው የያዝሽው?»

«በሁለቱም።»

«ቦታውን አሳዪኝ። አሁን አይደለም፤ ትንሽ ልቀመጥ።»

ዝላትካ ወደ ደጅ ወጣች። ሴትየዋ ስትገባ ያወለቀችው ጫማ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጭቃውን በእንጨት ፍቃ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ፣ ጫፋቸውን ወደ ተራራው መልሳ አስቀመጠቻቸው።